የፊት መብራቱ ለምን አስለቀሳቸው?

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ አንድ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦

«ጋሼ፣ አጎቴ አሮጌ ቮልስ አላቸው። ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ስለ ጀርመኑ የስፖርት መኪና ስለ ፖርሼ 911 ተከራከርን። በ1997 የወጣው 911 ከቀዳሚው ይልቅ ጉልበት አለው፣ ይፈጥናል፣ ጭሱም ጫጫታውም ቀንሷል። የመኪናው ወዳጆች ግን እስከ ዛሬ ያሙታል፤ አንዱ ትልቁ ክሳቸው ደግሞ የፊት መብራቱ ነው። አጎቴ ‹ሰዎቹ ልክ ናቸው› ይላሉ። እኔ ‹ባዶ ናፍቆት ነው› አልኳቸው። ማናችን ልክ ነን? ነገ የመኪና ንድፍ ብሠራ እንዲህ ያሉ ሰዎችን መስማት አለብኝ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ጅማ ላይ ስለ 911 የሚጠይቀኝ ሰው በዓመት አንድ ቢገኝ ነው፤ የሚመጣልኝ ሁሉ ወይ የባጃጅ ወይ የቪትዝ ጉዳይ ነው። አጂፕ አካባቢ የራሴን ጋራዥ ከመክፈቴ በፊት ጀርመን አገር ሽቱትጋርት አጠገብ በአንድ ትንሽ ጋራዥ 4 ዓመት ሠርቻለሁና ያየሁትንም የማውቀውንም አቀላቅዬ እጽፍልሃለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። አጎትህ መብራቱ ላይ ልክ ናቸው። ውሃው ላይ፣ ማለትም ሞተሩ በንፋስ መቀዝቀዙ ቀርቶ በውሃ መሆኑ ላይ፣ ግን ተሳስተዋል። ስለ ውሃ አልጻፍክልኝም፤ ማንሳታቸውን ግን አልጠራጠርም፤ የቮልስ ሰው ራዲያተርን ሳያማ ሦስተኛውን ቡና አይጠጣም። የኋላ ኋላ የባለመኪናዎቹን ኪስ ያራቆተውን ነገር ደግሞ መኪናው በወጣ ጊዜ አንድም ሰው አልጮኸበትም።

ከአጎትህ ቮልስ እንነሳ፤ 911 ለቮልስ የሥጋ ዘመዱ ነው። ቮልስን የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሼ ናቸው። ልጃቸው ፌሪ በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ 356 የተባለውን መኪና ሲሠሩ ብዙውን ዕቃ የወሰዱት ከቮልስ ነበር። የልጅ ልጃቸው ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ደግሞ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለታየው መኪና ቅርጽ አወጡለት። ስሙ መጀመሪያ 901 ነበር፤ መሃሉ ላይ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ፔጆ ስለተቃወመ 911 ተባለ። ቮልስም ሆነ ያኔ የወጣው 911 ሞተሩ ከኋላ ጎማ ባሻገር ተንጠልጥሏል፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፣ የሚያቀዘቅዛቸውም ንፋስ ነው። አጎትህ በ4 ሲሊንደር ይሄዳሉ፣ 911 በ6።

ሞተርን እዚያ ማንጠልጠል በወረቀት ላይ ሲታይ ስህተት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ማዞሪያ መሃል ነዳጁን በድንገት ከለቀቅክ ጅራቱ ሊቀድምህ ይነሳል። የ911 ሰዎች ግን የሚወዱት ይህንኑ ነው። ቢራቸውን ይዘው ስለ ፍጥነት ሲያወሩ አልሰማኋቸውም፤ የሚያወሩት መኪናው አንዴ እንዴት ሊገለብጣቸው እንደነበረና እንዴት ጠባዩን እንደለመዱት ነው። አስቸጋሪ በቅሎ ያላመደ ሰው በሌላ በቅሎ አይለውጣትም።

የኩባንያው አለቆች ይህን የተማሩት በዋጋ ነው። በ1977 ሞተሩ ከፊት የሆነ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 8 ሲሊንደር 928 የሚባል መኪና አወጡ፤ ሐሳቡ 911ን ቀስ አድርጎ ጡረታ ማውጣት ነበር። 928 መጥፎ መኪና አልነበረም፤ በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ገዢው ግን 911ን አልተወም። በርሊን ተወልደው አሜሪካ ያደጉት ፒተር ሹትዝ በ1981 የኩባንያው ኃላፊ ሆኑ። ራሳቸው እንደተናገሩት፣ የምህንድስና ኃላፊው የሄልሙት ቦት ቢሮ ሲገቡ ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ ሞዴል ዕድሜ በመስመር ተሠርቶ ያያሉ። የሌሎቹ መስመር ይቀጥላል፣ የ911ኛው በዚያው ዓመት ይቆማል። እስክሪብቶ አንስተው መስመሩን ከወረቀቱ አሳልፈው ግድግዳው ላይ አስቀጠሉት። 928 በ1995 ቆመ፤ 911 ዛሬም ይመረታል፣ በ2017 ደግሞ ሚሊዮንኛው ወጥቷል።

እንግዲህ ወደ 1997 እንምጣ። የዚያን ዓመት 911 በወዳጆቹ ዘንድ 996 ይባላል፣ የቀደመው 993። ጩኸቱ ሁለት ነበር፦ ውሃ ገባበት፣ ፊቱ ተበላሸ።

ስለ ውሃው ስትከራከር አጎትህን ወደ ራሳቸው መኪና ውሰዳቸው። የኋላ ኮፈኑን ክፈቱት። ትልቁ ማራገቢያ በዲናሞው ዘንግ ላይ ተቀምጦ በአንዲት ቺንጋ ይዞራል። ቺንጋዋ ከተበጠሰች ክሩስኮቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ብዙ ሰው ባትሪ መሙላት ቆመ ማለት ብቻ ይመስለዋል፣ ነገር ግን ንፋሱም ቆሟል፣ እዚያው መቆም ነው። እስከ 1970 ድረስ በተሠሩት ቮልሶች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በማራገቢያው ሣጥን ውስጥ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ነው። 3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ንፋስ አስቀድሞ ዘይቱን አቀዝቅዞ የሞቀ ትርፍራፊ ነው ማለት ነው። አሮጌ ቮልስ ቫልቭ አቃጥሎ ጋራዤ ሲገባ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ሳላወርድ «የ3ኛው ነው» እላለሁ፤ ልጆቹ ጠንቋይ አድርገውኛል።

ትልልቆቹ ሲያወሩ እንደሰማኸው፣ ጊቤን ተሻግሮ የአበልቲን አቀበት ሲወጣ ባለ ራዲያተሩ ሁሉ ዳር ይዞ እንፋሎት ሲተፋ ቮልስ እየዘፈነ ያልፍ ነበር። እውነት ነው፣ ያልፋል። ግን የሙቀት መለኪያ ስለሌለው ነው ሹፌሩም አብሮ የሚዘፍነው። ውሃ ያለበት መኪና ሲታመም ይጮሃል፤ ቮልስ በዝምታ ይታመምና ዋጋውን ከሦስት ወር በኋላ ጋራዥ ላይ ይነግርሃል። በዚያ ላይ ጅማ እንኳ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

የፖርሼ መሐንዲሶች ችግር ከዚሁ አንድ ቤት ነው። የጭስና የድምፅ ሕግ እየጠበቀ መጣ። ጭስ ቀንሶ ጉልበት ለመጨመር ለአንድ ሲሊንደር 4 ቫልቭ ማድረግ ነበረባቸው። ሁለት የጭስ ቫልቮች ጎን ለጎን ሲገቡ በመካከላቸው የምትቀረው ቀጭን ብረት ፍም ትሆናለች። እዚያ ጉድጓድ ንፋስ አይደርስም፤ ውሃ ግን በጠባብ ቦይ ይገባል። ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ሲሆን ድምፅም ይውጣል። 993 በ3.6 ሊትርና ለአንድ ሲሊንደር በ2 ቫልቭ መጀመሪያ 272፣ በኋላ 285 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። 996 በ3.4 ሊትር 300 ሰጠ።

ደግሞ ውሃ ለዚያ ቤት እንግዳ አልነበረም። ከ1982 እስከ 1987 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በተከታታይ ያሸነፉት የፖርሼ 956 እና 962 መኪናዎች ቴስታታቸው በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። በ1986 የወጣው ዝነኛው 959ም እንዲሁ። ያኔ ከሃዲ ያላቸው የለም። ዋንጫ ሲመጣ ውሃውም ጠጅ ይሆናል።

ፊቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ናፍቆት ብለህ አትለፈው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው ለመዝጋት ተቃርቦ ነበር። ሽያጩ ወድቋል፣ አሠራሩ ውድ ነው። አለቃው ቬንዴሊን ቪደኪንግ ከቶዮታ ቤት የወጡ ጃፓናውያን አማካሪዎችን አስገብተው ፋብሪካውን ከሥር አስተካከሉት። ወጪ የሚቀንሱበት አንዱ ዘዴ ሁለት መኪና አብሮ መንደፍ ነበር፦ በ1996 የወጣው ባለ ሁለት ወንበሩ ቦክስተርና ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው 996። ከበሩ ወደፊት ያለው ላሜራ፣ ኮፈኑ፣ የፊት መብራቱ የጋራ ሆነ። መብራቱ ራሱ የብልህ ሥራ ነው፤ ረጅሙም፣ አጭሩም፣ ፍሬቻውም ባንድ ቤት ታሽጎ በአንዴ ይገጠማል። ሠራተኛው ጊዜ አያባክንም፣ ሽቦ አይበዛም። እንደ መካኒክ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

እንደ ተመልካች ግን አላነሳም። የ911 ዓይን ከ1963 ጀምሮ ክብ ነበር። ፓራውልቱ በ1974 ሞዴል ላይ በአሜሪካ የግጭት ሕግ ምክንያት ወፍሯል፣ ከዚያ በ1989 ተለሳልሷል፣ መብራቶቹ በ993 ጋደም ብለዋል፣ ክብነቱ ግን ከሩቅ ይታወቅ ነበር። 996 ላይ ክቡ ፈሰሰ፤ ብርቱካናማው ፍሬቻ ከሥሩ ተንጠባጠበ። ጀርመኖቹ ወዲያው «የተጠበሰ እንቁላል» አሉት። ስም ከወጣለት አለቀለት።

እዚያ ስሠራ 993 የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ዘይት ለማስቀየር መጥተው ከኔ ጋር ቆመው ያያሉ፤ ያ ሞተር ከ10 ሊትር በላይ ዘይት ስለሚጠጣ ጨዋታው ረጅም ነው፣ ያጎትህ ቮልስ 2.5 ሊትር ትበቃዋለች። አንድ ቀን አዲሱን ለምን እንደማይገዙ ጠየቅኳቸው። ስለ ውሃው ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ «በመስታወቴ ከኋላዬ ሲመጣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም» አሉኝ። ቦክስተሩ ይሁን 911ኛው፣ ማለታቸው ነው። ዋጋው በብዙ የሚያንሰው ታናሽ ወንድሙ ያንኑ ፊት ለብሶ ይመጣል። የሰውዬው ቅሬታ ስለ ውበት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ስለ መታወቅ ነው።

የጅማ በርጩማ ታውቃለህ። ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች አንድ እንጨት ናቸው። ጠራቢው ጌጡን እንደፈለገ ቢለዋውጥ ማንም አይከፋውም፣ ጎደጎድ ቢያደርገው፣ ቢያጠቁረው ያው በርጩማ ነው። እግሩን በምስማር ቢመታው ግን ጠንክሮ ቢቆምም አያቴ አይቀመጡበትም ነበር። 996 ግንዱ አልተነካም፤ ሞተሩ እዚያው ኋላ ነው፣ ተጋድሞ፣ ባለ 6 ሲሊንደር። ግን ከርካሹ በርጩማ የተወሰደ ጌጥ ተለጥፎበት መጣ። 928 ደግሞ ከናካቴው ወንበር ነበር።

ክርክሩን የሚፈታልህ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2000 የወጣው የ996 ቱርቦ የተለየ መብራት ተሰጠው፤ ከ2002 ሞዴል ጀምሮ ተራው 996ም ያንኑ ወረሰ። በ2004 ተተኪው 997 ሲመጣ ክቡ መብራት ተመለሰ፣ ፍሬቻው ለብቻው ወደ ፓራውልቱ ወረደ። 997 ሞተሩ ያው በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ውሃው እንዳለ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ተመለሰ፣ ጩኸቱም ባመዛኙ ቆመ። እናንተ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱን ነገር አስራችሁ ሌላውን ትለውጣላችሁ አይደል? ኩባንያው ሳያስበው ሙከራውን ሠርቶልሃል። ችግሩ ውሃው ቢሆን ኖሮ 997ም በተሰደበ ነበር።

ጩኸቱ ገበያውን አልዘጋውም፤ ይህንንም ለአጎትህ ንገራቸው። 993 ወደ 68 ሺህ ገደማ ተሠርቷል፤ 996 ረዘም ላለ ጊዜ ቢመረትም ከ170 ሺህ በላይ ሆኗል። ኩባንያው የዳነው በተሰደበው መኪና ነው። በአሮጌ መኪና ገበያ ግን ፍርዱ ተገልብጧል፦ 993 ዋጋው ጣሪያ ነክቷል፣ 996 ለብዙ ዓመታት ከ911 ትውልዶች ሁሉ ርካሹ ሆኖ ኖሯል። የመጀመሪያው ገዢ የከፈለው ለአዲስነቱ ነው፣ ሦስተኛው ገዢ የከፈለው ለፊቱ።

ለርካሽነቱ ሌላም ምክንያት አለ፣ ያ ማንም ያልጮኸበት። በ996ና በቦክስተሩ ተራ ሞተር ውስጥ ከኮሎው፣ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጉልበት ተቀብሎ የቫልቮቹን ሰንሰለቶች የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ። የዘንጉ አንዱ ጫፍ የሚሽከረከረው በታሸገ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ነው። ሽፋኑ ሲያረጅ በውስጡ ያለው ግሪስ ታጥቦ ይወጣል፣ የሞተሩ ዘይት ደግሞ እንደልብ አይገባም። ኩሽኔታው ከደቀቀ ስብርባሪው በዘይቱ ይሰራጫል፣ ሰንሰለቱ ጊዜውን ይስታል፣ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል፣ ሞተር አለቀ። በሁሉም ላይ አይደርስም፣ አብዛኞቹ ያለ ችግር ይሄዳሉ፤ ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶች ተሰባስበው ከስሰው በ2013 በስምምነት አልቋል። የቱርቦውና የጂቲ3ው፣ የኃይለኞቹ የ996 ዓይነቶች፣ ሞተር ከውድድር መኪናው የተወረሰ ሌላ ሞተር ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

በ1997 ስንቱ ሰው ስለ እንቁላሉ ጻፈ! ስለ ኩሽኔታው ማን ጻፈ? ማን ያየዋል? ወዳጅ የሚያየው ፊትን ነው። ውስጡን የምናየው እኛ ነን፣ ያውም ዘግይተን።

እንግዲህ ልስማቸው ወይ ላልከው፦ ስማቸው፣ ግን እንደ ሐኪም ስማቸው። በሽተኛ «ኩላሊቴን» ሲልህ የሚያመው ቦታ ላይ እጁን እንዲያደርግ ትጠይቀዋለህ፣ እጁ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ያርፋል። የ911 ሰዎች አፋቸው «ውሃ» ሲል እጃቸው መብራቱ ላይ ነበር። ሕመሙ እውነት ነው፤ ምርመራው ያንተ ሥራ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አፍና እጅ ይገጥማል። ፎርድ በ1980ዎቹ ሙስታንግ የተባለውን ታዋቂ መኪናውን ከማዝዳ ጋር በተሠራ፣ የፊት ጎማ በሚጎትተው መኪና ሊተካ ሲል ዜናው አፈተለከ፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። ፎርድ አሮጌውን ሙስታንግ አቆየው፣ አዲሱን ፕሮብ ብሎ በሌላ ስም አወጣው። ዛሬ ሙስታንግን የሚያውቀውን ሰው ፕሮብን ከሚያስታውሰው ጋር አስተያይ።

ያጎትህን ቮልስ ስም የወሰደው «አዲሱ ቮልስ» ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ1997 መጨረሻ መመረት የጀመረው ያ መኪና ፊቱን፣ ጉልላቱን፣ መሪው አጠገብ የአበባ ማስቀመጫዋን ሳይቀር ከአሮጌው ወርሷል፤ ከሥሩ ግን ጎልፍ ነው። ሞተሩ ከፊት፣ ውሃ ያለበት፣ ጭነቱ ከኋላ። ሰው ሲያየው ፈገግ አለ፣ ገዛውም፤ የቮልስ ሰዎች ግን የጎልፍ ጭምብል አሉት። አሮጌው በሜክሲኮ ፑዌብላ እስከ 2003 ሲመረት ቆይቶ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አቆመ። እኔ ከሁለቱ ስህተት የ996ን እመርጣለሁ፤ መብራት በ2004 እንደታየው ይመለሳል፣ ከኋላ ወደ ፊት የሄደ ሞተር ግን አይመለስም።

አሁንም ጩኸት አለ። በ2024 የታደሰው 911 መሃሉ ላይ የነበረውን በመርፌ የሚሠራ የሞተር ዙር መለኪያ አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ስክሪን አደረገው፤ በመሪው ግራ ይጠመዘዝ የነበረው ማስነሻም ቁልፍ ተጫኚ ሆነ። ጂቲኤስ የተባለው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮበታል። ብዙው ሰው የሚያለቅሰው ስለ መርፌውና ስለ መጠምዘዣው ነው፤ ስለ ኤሌክትሪኩ ያን ያህል አልሰማሁም። እጃቸው የት እንዳረፈ አየህ? እኔ ግን በጋራዥ ዓይን የምጠብቀው ባትሪው፣ ማቀዝቀዣውና ሽቦው ከ15 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆኑ ነው።

አጎትህ ይህን ካነበቡ በኋላ መከራከራቸው አይቀርም። ቅዳሜ ከሰዓት ቮልሷን ይዘዋት ይምጡ፣ አንተም ና። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይደር፣ ጠዋት አያስነሷት፣ እየገፋችሁም ቢሆን አምጧት፤ ቫልቭ የሚለካው በቀዝቃዛ ነው። ከ3ኛው እንጀምራለን።